ስጦታውን እናትየው ትስጥ

እኛ መስሪያ ቤት፣ ድሬ ከዚራ፣ ለእንቁጣጣሽ ብር አዋጥተን ከባል ዱላ ሸሽተው መጠለያ የገቡ እናቶች ልጆች ስጦታ እንግዛላቸው ተባለና ሁሉም እሺ አለ። ታይዋን ገበያ ወርደን ልብስ፣ ጫማ፣ አሻንጉሊት ገዛን፣ የመስሪያ ቤታችን ልጆች ደሞ ቁጭ ብለው በስጦታ ወረቀት ጠቀለሉት፣ አቦ ሲያምር! ከዛ ህዝብ ግንኙነቱ ባነር አሰርቶ ከች አለ፣ ሀላፊያችን ለህፃናቱ ሲያድሉ ፎቶ ተነስቶ ፌስቡክ ላይ ሊለጠፍ።

መጠለያው የት እንደሆነ አይነገርም፣ የተገናኘነው በሴቶችና ህፃናት ቢሮ በኩል ነው፣ እቃውን ልትረከብ የመጣችው ሶሻል ወርከር ባነሩን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። "ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፎቶ አይቻልም፣ አባትየው የልጁን ፊት እንኳ ባያይ በሩን አይቶ ሰፈሩን ይለየዋል" አለቻቸው። እውነቷን ነው፣ ድሬ ውስጥ አንድ ባለባጃጅ ያወቀውን ማን ሳያውቅ ይቀራል? ሀላፊያችን ለሪፖርት ምን ላቅርብ ቢሉ ማህተም ያለው የርክክብ ደብዳቤ እንሰጣለን አለች፣ በቃ።

እኔን የገረመኝ ግን ከዛ በኋላ ያለችው ነው፣ ወረቀቱን ፍቱልኝ አለች። ያ ሁሉ የተለፋበት! ለምን ስንላት እናቶቹ ራሳቸው መርጠው ራሳቸው ጠቅልለው ለልጃቸው እንዲሰጡ ነው አለች፣ አብዛኞቹ በሌሊት ልጅ አዝለው በለበሱት ልብስ የወጡ ናቸው፣ ክሱ በወንጀል ህጉ አንቀፅ 564፣ በትዳር ጓደኛ ላይ በሚፈፀም ጥቃት፣ ተከፍቶ እስኪያልቅ እዛው ይቆያሉ፣ በእጃቸው ሰባራ ሳንቲም የለም፣ እና ልጁ በበዓል ቀን የማያውቀው ሰውዬ ከሚሰጠው "እማዬ ሰጠችኝ" ቢል አይሻልም? ዝም አልን። አንዷን ጫማ አንስታ ሶሏን ገልብጣ ቁጥሯን አየች፣ 28፣ "ይቺ የምትሆናት አለች" ብላ ለብቻ አስቀመጠቻት። ቀጥላ "ለአስራ አራት አመት ወንድ ልጅስ ምን አላችሁ?" ስትል ተያየን፣ ሁሉም የገዛው ለትንንሾቹ ነው፣ ትልልቆቹን ያሰበ የለም፣ ለሴቶቹም ሞዴስ የሚባል ነገር አልነበረም። ባነሩ ተጠቅልሎ ስቶር ገባ።

አሁን ለኢድ እያዋጣን ነው፣ ዘንድሮ ግን ከመግዛታችን በፊት ዝርዝር ጠይቀን፣ እነሱም እድሜና የጫማ ቁጥር ብቻ ያለበት፣ ስም የሌለው ወረቀት ላኩልን። ትልልቆቹ ላይ አሁንም ግራ ገብቶናል፣ ለአስራ አምስት አመት ልጅ የሚሆን ሀሳብ ያላችሁ በናታችሁ ንገሩን።