የእትዬ ምጣድ

በፈረንጆች 2002 ዲሲ ስገባ ያረፍኩት ዩ ስትሪት አካባቢ፣ አንድ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ ነው። ባለ አንድ መኝታ ቤት፣ ለሦስት ሴቶች። ሁለታችን አስተናጋጆች፣ አንዷ ፓርኪንግ ሠራተኛ። ከላይ እትዬ ይኖሩ ነበር። እንጀራ ጋግረው ለሀበሻ ሱቅ ያስረክባሉ፣ የዕቁባችን ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። ማታ ሥራ የምትገባ እናት ልጇን እሳቸው ጋ አስተኝታ ነው የምትወጣው።

የኪራዩን መርከስ ምክንያት የነገሩኝ ምድር ቤት የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት ናቸው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ሰፈሩ ነደደ። በኋላ ለሜትሮው፣ ለምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ሲቆፈር ስንቱ ሱቅ ተዘጋ፤ ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። ሀበሻ ባዶውን ሱቅ እየተከራየ ገባ። «እናንተ ስትገቡ የኛ ልጆች እየወጡ ነበር» አሉኝ፣ እየሳቁ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

በኋላ ፎቁ በዛ፣ ውሻ የሚያናፍስ ጎረምሳ በዛ። ከእትዬ ጎን የገባው አዲስ ተከራይ «ሽታ» ብሎ ከሰሰ። ማስጠንቀቂያ መጣላቸው። ከዚያ ወዲያ እትዬ ሽንኩርት ሲያቁላሉ በሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ይወትፋሉ። በገዛ ቤታቸው፣ እንደ ሌባ!

ሕንፃው ሊሸጥ ነው ተባለ። ዲሲ ከ1980 ጀምሮ ለተከራይ ቅድሚያ የመግዛት መብት የሚሰጥ ሕግ አላት። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ተሰበሰብን፤ እንግሊዝኛዋ ይሻላል ተብዬ አስተርጓሚ ሆንኩ። ከሌሊት ሥራ መውጣቴ ነው፣ ዓይኔ ይጨፈናል። «ግዙ ነው የሚለው፤ ዕዳ ነው» አልኳቸው። ራሳችን ባንገዛ እንኳ ተደራጅተን፣ መብቱን ለመረጥነው ገዢ አስተላልፈን፣ እዚያው ለመቆየት መደራደር እንችል ነበር። ይህን ያወቅኩት ቤቱን እንድለቅ የተሰጠኝን ቼክ ተቀብዬ፣ ብሩም አልቆ፣ ሜሪላንድ ከገባሁ በኋላ ነው።

እትዬ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ልጃቸው ጋ ናቸው። ዕቁቡን በዜል፣ በስልክ ብር መላኪያው፣ ይሰበስባሉ፤ ቀን ያሳለፈችውን አሁንም ደውለው ይቆጧታል። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ምጣዱስ አልኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጋራዥ ነው። አማቼ ሽታ አይወድም።»