ድርግም እያለ የሚጠፋውን ኮምፒውተሬን እንዴት እንደመረመርኩት

የሠርግና የምርቃት ቪዲዮዎችን ቤቴ ሆኜ የማቀናብርበት ዴስክቶፕ ኮር አይ5-4570 ፕሮሰሰርና ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የግራፊክስ ካርድ ያለው፣ ዕቃው በየፊናው ተገዝቶ የተገጣጠመ ማሽን ነው። ለዓመታት ያለ እንከን ካገለገለኝ በኋላ ባለፈው ክረምት ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ድርግም ብሎ መጥፋት ጀመረ። አንዳንድ ጊዜ ወዲያው ራሱ ይነሣል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ማብሪያውን ደጋግሜ ብጫነውም ምላሽ አይሰጥም፣ የሚነሣውም ኬብሉን ነቅዬ ትንሽ ካቆየሁት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ችግር ለጠጋኝ ሲነገር ቶሎ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ስለሆነ፣ ፋይሎቼን አደጋ ላይ ከመጣሌ በፊት ምርመራውን ራሴ ለመጀመር ወሰንኩ።

በመጀመሪያ ያደረግኩት መሣሪያ የማይጠይቅ ነገር ነበር፤ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱንና በዚያ ቅጽበት ምን እሠራ እንደነበር በደብተር መዘገብኩ። ጽሑፍ ስጽፍ ወይም ኢንተርኔት ስመለከት እምብዛም አይጠፋም። የሚጠፋው በአብዛኛው የተቀናበረውን ቪዲዮ ኤክስፖርት ማድረግ (ወደ አንድ የተጠናቀቀ ፋይል ማውጣት) በጀመርኩ በሰከንዶች ውስጥ፣ ወይም ደግሞ መብራት ሲዋዥቅ ዩፒኤሱ (መብራት ሲቋረጥ ከባትሪው ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ቀጭ ብሎ ወደ ባትሪ በሚሸጋገርበት ቅጽበት ነበር። ሁለቱ ሁኔታዎች የማይገናኙ ስለመሰሉኝ ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች እንዳሉ ጠርጥሬ ነበር።

ቀጥሎ መለየት የነበረበት ጥፋቱ የዊንዶውስ ነው ወይስ የዕቃው የሚለው ነው። ዊንዶውስ ከባድ ስሕተት ሲገጥመው ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ራሱን እንደገና እንዲያስነሣ ሆኖ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ገጹ ለማንበብ ሳይመች ሊያልፍ ይችላል። በአድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ስታርታፕ ኤንድ ሪከቨሪ ከሚለው ክፍል ራሱን እንዲያስነሣ የሚያዘውን ምልክት ካነሣሁ በኋላም ሰማያዊ ገጽ አልታየም፤ ማሽኑ እንደ ቀድሞው በጨለማ ብቻ ይጠፋል። ኢቨንት ቪወር በተባለው የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥም ከርነል ፓወር 41 የሚለው መዝገብ ይደጋገማል፣ የስሕተት ኮዱም 0 ነው። ብዙዎች ይህን ቁጥር ሲያዩ የጥፋቱን ምንጭ ያገኙ ይመስላቸዋል፤ መዝገቡ ግን ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ኮዱ 0 መሆኑ ግን ዊንዶውስ ስሕተቱን ለመመዝገብ እንኳ ጊዜ እንዳላገኘ ስለሚጠቁም ፎርማት የማድረጉን ሐሳብ ወደ ጎን እንድተወው አደረገኝ።

ከዚያ ወደ ሙቀት ዞርኩ። ሽፋኑን ስከፍት በፕሮሰሰሩ ሂት ሲንክ (ሙቀቱን በሚያስወግደው ብረት) ላይ አቧራው እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነበር። ፋኑን በጣቴ ይዤ በብሎወር አጸዳሁት፤ በሁለቱ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቴርማል ፔስትም ቀየርኩ። ከጽዳቱ በኋላ ኤችደብሊውኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የሙቀቱን መጠን በየሰከንዱ ወደ ፋይል እንዲጽፍ አድርጌ ኤክስፖርት ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ ጠፋ፤ ፋይሉን ስከፍት የመጨረሻው ንባብ 60 ዲግሪ ገደማ ነበር። የኢንቴል ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ በቅድሚያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የሚያጠፋውም ሙቀቱ ከዚያ በላይ ሲቀጥል ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ነፃ ወጣ። ራሙንም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ) ሜምቴስት 86 በተባለው መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ አስፈተሽኩት፤ አንድም ስሕተት አልተገኘበትም።

የቀረው የኤሌክትሪኩ መንገድ ነበር፤ ብዙ ያስተማረኝም ይህ ክፍል ነው። በቅድሚያ የጠረጠርኩት የዩፒኤሱን ባትሪ ነው፤ ምክንያቱም 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነው የተለመደው የሊድ ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል። ኮምፒውተሩን ነቅዬ በምትኩ ሞኒተሩንና አንድ የጠረጴዛ መብራት ሰክቼ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ብነቅለው ሁለቱም ሳይንገዳገዱ ቀጠሉ። በሌላ በኩል ኮምፒውተሩን ያለ ዩፒኤስ በቀጥታ ከሶኬቱ ጋር ባገናኘውም ኤክስፖርት ሲጀምር ይጠፋል። ጥፋቱ የዩፒኤሱ ካልሆነ፣ ዩፒኤሱ ቀጭ ሲል የሚጠፋው ለምንድን ነው?

መልሱ ያለው በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ነው። የተለመደ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ሲሸጋገር ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ኃይል ይቋረጣል። ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ወደሚስማማ ቮልት የሚቀይረው ሳጥን፣ ጤናማ ከሆነ በውስጡ ባለው ትልቅ ካፓሲተር ባጠራቀመው ኃይል 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ችሎ መቆየት ስለሚችል ይህ ክፍተት አይታወቀውም። ካፓሲተሩ ሲያረጅ ግን የመያዝ አቅሙ ይቀንስና መብራቱ ብልጭ እንኳ ሳይል ኮምፒውተሩ ይጠፋል። የጠረጴዛ መብራት ፈተና ብቻውን የማያስተማምነውም ለዚህ ነው፤ ዓይናችን የማያየውን ክፍተት ፓወር ሰፕላዩ ያየዋል። ካፓሲተርን የሚያስረጀው በዋናነት ሙቀት ነው፤ በሙያው በተለመደው ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። አቧራ የዘጋው ፋንና በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ስስ አየር ማቀዝቀዙን ሲያዳክሙት ፓወር ሰፕላዩ ከተገመተው ዕድሜ በፊት ቢደክም የሚገርም አይደለም።

ይህን በቁጥር ለማየት ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) በዲሲ ላይ አድርጌ ጥቁሩን ጫፍ ከጥቁር ሽቦ፣ ቀዩን ከቢጫው ሽቦ ጋር ባለ አራት ቀዳዳው ማገናኛ ላይ ገጠምኩ። ኤክስፖርት ሲጀመር ብዙ ኃይል የሚስቡት ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም በብዛት የሚመገቡት ከዚህ የ12 ቮልት መስመር ሲሆን የሚፈቀደው ልዩነት 5 በመቶ ነው፤ ይኸውም ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ 11.8 ያነበበው ቴስተር ኤክስፖርት ስጀምር ወደ 11.2 ወርዶ ወዲያው ማሽኑ ጠፋ። ቴስተር የሚያሳየው አማካዩን ስለሆነ ትክክለኛው ውድቀት ከዚህም የባሰ እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ማብሪያው ምላሽ የማይሰጠው ለምን እንደሆነም በዚሁ ተገለጠልኝ፤ ፓወር ሰፕላዩ መስመሩ ከልክ ሲወጣ ራሱን ይቆልፋል፣ ቁልፉ የሚለቀቀውም ኃይል ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ ነው። በፓወር ሰፕላዩ ፋን ወንፊት በኩል የእጅ ባትሪ ሳበራ የአንዱ ካፓሲተር አናት አብጦ ቡናማ ነገር አንጠፍጥፎ ይታይ ነበር። ከውጭ ከማየት ያለፈ ነገር ግን አላደረግኩም፤ በ220 ቮልት የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊይዝ ስለሚችል መክፈቱ የባለሙያ ሥራ ነው።

ያም ሆኖ አዲስ ከመግዛቴ በፊት ከሙያ ጓደኛዬ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ተውሼ፣ ሌላ ምንም ነገር ሳልቀይር እሱን ብቻ ገጠምኩ። የ12 ቮልቱ መስመር ከ12 አልወረደም። ረጅም ኤክስፖርት እየሄደ ሳለ ዩፒኤሱን ሆን ብዬ ከግድግዳው ነቀልኩት፤ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይሆን ቀጠለ። ሁለት ብልሽት የመሰለኝ ነገር አንድ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ግዢው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በትልቁ «500 ዋት» የተጻፈበት ቀላልና ርካሽ ዕቃ በገበያው ሞልቷል፤ መታየት ያለበት ግን ጎኑ ላይ ባለው ሰንጠረዥ ከ12 ቮልት ሥር የተጻፈው አምፔር ነው። 16 አምፔር ከሆነ በዚያ መስመር የሚገኘው 192 ዋት ብቻ ነው፤ የእኔ ፕሮሰሰር 84፣ ግራፊክስ ካርዱም 75 ዋት ድረስ ስለሚወስዱ ለዲስክና ለፋን የሚተርፈው ጥቂት ይሆናል። እኔ የገዛሁት ባለ 450 ዋት ሲሆን በ12 ቮልት 34 አምፔር ይሰጣል። አክቲቭ ፒኤፍሲ (ከሶኬቱ የሚስቡትን ኤሌክትሪክ አሳሳብ የሚያስተካክል ክፍል) ያላቸው አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ከርካሽ ዩፒኤስ ጋር ስለማይስማሙ፣ ከዩፒኤሴ ጋር ካልሠራ እንደምመልሰው ከሻጩ ጋር አስቀድሜ ተነጋገርኩ፤ መመለስ ግን አላስፈለገም።

ኢቨንት ቪወርን አሁንም አልፎ አልፎ እከፍተዋለሁ። ከዚያ ወዲህ 41 ቁጥር የተመዘገበው ሌሊት ረጅም ሰዓት መብራት ጠፍቶ የዩፒኤሱ ባትሪ ሲያልቅ፣ ማሽኑም ያልተጠናቀቀ ኤክስፖርት ላይ ሳለ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የዩፒኤሱን ዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ ባትሪው ሲሳሳ ዊንዶውስ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ አዘጋጅቼዋለሁ።