የአብነት ተማሪዎቹ ድረ ገጽ ያገኘው አስተያየት

ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የፎቶና ቪዲዮ ቤት፣ ከሠርግና ከምረቃ በተረፈው ጊዜ በጎጃም ያሉ የአብነት ትምህርት ቤቶችን በፎቶ ሲሰንድ ከረመና ሥራውን በድረ ገጽ አወጣው። 38 ፎቶ፣ ለእያንዳንዱ አጭር መግለጫ፣ መጨረሻ ላይ የአዘጋጆቹ ስልክ። ሊንኩን በቴሌግራም ግሩፖች በተኑትና «እስቲ አስተያየታችሁን» ብለው ጻፉበት። እስከ ማታ የመጣው የአውራ ጣት ምልክት፣ «በርቱ»፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን» እና «ካሜራው ምንድን ነው?» ነበር።

ከግሩፕ ሌላ ነገር መጠበቅም አይገባም። ሰው በተሰበሰበበት የሌላውን ሥራ መንቀፍ ነውር ነው፤ ጎጃም ውስጥ ደግሞ የሚነቅፍ ቢገኝም በቅኔ ሸፍኖ ይወጋል እንጂ «ይህ መግለጫ ስህተት ነው» ብሎ አይጽፍም። የሚረባው አስተያየት የመጣው ሊንኩ ለየብቻ ከደረሳቸው ሰዎች ነው፤ አብዛኞቹም ስለ ፎቶ ሳይሆን ፎቶው ውስጥ ስላለው ነገር የሚያውቁ ነበሩ።

የመጀመሪያው ፎቶው ውስጥ ያሉት የቅኔ መምህር ናቸው። ሊንኩ በአንድ ተማሪያቸው ስልክ ተላከላቸው። ገጹ ሦስተኛው ፎቶ ላይ ቆመ፤ የተማሪው የኢንተርኔት ጥቅልም አለቀ። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ ያወጣል፤ አንዱ በአማካይ 9 ሜጋባይት ቢሆን 38ቱ ከ340 ሜጋባይት ያልፋሉ። ገጹ ደግሞ ገና ሲከፈት ሁሉንም ባንዴ ይጠራል። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ይህ ያልታየው ዋይፋዩ ፈጣን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የኮምፒውተሩ አሳሽ (ብራውዘር) ፎቶዎቹን አንዴ ካወረደ በኋላ ከራሱ ማከማቻ እያወጣ ስለሚያሳይ ነው። ገጽ የሚሞከረው ታሪክ በማይመዘግበው የአሳሹ መስኮት፣ ዋይፋይ ተዘግቶ፣ በሞባይል ዳታ፣ ቢቻል ርካሽ በሆነ ስልክ ነው።

ማስተካከያው፦ ዋናዎቹ ፎቶዎች ሳይነኩ ቅጂ ይወጣል፤ የቅጂው ረጅም ጎን 1600 ፒክስል፣ የጄፔግ ጥራቱ ከ75 እስከ 80። እንዲህ ሲሆን አንዱ ፎቶ ከ200 እስከ 400 ኪሎባይት ይሆናል። የሣር ክዳንና የገለባ ዝርዝር የሞላበት ይከብዳል፤ ሰማይና የተለሰነ ግድግዳ የሰፋበት ይቀላል። ፎቶዎቹ አንባቢው ወደ ታች ሲወርድ ብቻ እንዲጠሩ ይታዘዛል፤ የእያንዳንዱ ስፋትና ቁመትም አስቀድሞ ይጻፋል፤ ያለዚያ ፎቶው ዘግይቶ ሲደርስ የሚነበበውን ጽሑፍ ገፍቶ ከዓይን ያርቀዋል።

ቅጂ ሲወጣ ሌላም ነገር ተገኘ። የደበሎው ቡናማና የአፈሩ ቀይ ገጹ ላይ አመድ መስሎ ነበር። ፎቶዎቹ አዶቢ አርጂቢ በሚባለው የቀለም ክልል ተነስተው፣ ሲወጡ የቀለም መግለጫው ተቆርጦባቸዋል፤ አሳሹ በድረ ገጽ በተለመደው በኤስአርጂቢ የቀለም ክልል ሲያነባቸው ቀለሙ ይደበዝዛል። ለድረ ገጽ የሚወጣ ሁሉ ቀድሞ ወደ ኤስአርጂቢ መለወጥ አለበት። ጎጆ ውስጥ በጧፍ ብርሃን የተነሱት ደግሞ ስልክ ላይ ጥቁር ሆኑ። የአርታዒው ስክሪን ብርሃን እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ስለሚሠራበት እዚያ በቂ የመሰለው ብርሃን ሌላ ቦታ ያንሳል። የስክሪኑን ብርሃን ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጎ፣ የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ (ሂስቶግራሙን) እያዩ እንደገና ማረም ነው።

የኔታ ሙሉውን ያዩት ፎቶ አንሺው ስልኩን ይዞ ሲሄድ ነው። የመግለጫዎቹን ስህተት የተማሪ ጉባኤ ቃና (ባለ ሁለት ቤት ቅኔ) እንደሚያርሙ ቃል በቃል ለቀሙት። «የቅኔ ተማሪ» ከሚለው መግለጫ በላይ ያለው ልጅ መጽሐፍ ገልጦ ይታያል። «ልጄ፣ ቅኔ በመጽሐፍ አይቆጠርም፤ ይኸ የያዘው ጾመ ድጓ ነው» አሉት። የቅኔ ተማሪ ባዶ እጁን ገለል ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም ግድግዳ ተደግፎ ይቆጥራል፣ ማለትም ቅኔውን በልቡ ያዘጋጃል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ ይታረማል። ካሜራ የያዘ ሰው ግን «ትምህርት» ሲባል የሚፈልገው መጽሐፍ የያዘ እጅ ነውና ዝም ብሎ የተቀመጠውን ልጅ ያልፈዋል። ሌላው መግለጫ ጉባኤ ቤቱን «የዋሸራ ቅኔ ቤት» ይላል። የኔታ የተማሩት በጎንጅ ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ የቅኔ መንገዶች ናቸው፣ መምህሩ የትም ቢተክል የተማረበትን ይዞ ይሄዳል። ቦታውን በካርታ አይቶ ቤቱን መሰየም አይሆንም፤ የሚጠየቀው «የኔታ፣ ቅኔን የት ተማሩ?» ተብሎ ነው።

ቀኖቹም ተሳስተው ነበር። ካሜራው በፈረንጅ አቆጣጠር ይመዘግባል፤ ገጹን የሠራችው ልጅ ከሁሉም ላይ 8 ዓመት ቀንሳለች። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፤ 8 የሚሆነው የፈረንጆቹ ዓመት ከተቀየረ በኋላ ነው። ስለዚህ በጥቅምት 2016 የተነሱት ሁሉ ጥቅምት 2015 ተባሉ፤ የኔታም «ያኔ ይኸ ልጅ ገና አልመጣም» ሲሉ ነገሩ ታወቀ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፦ ካሜራው 7 ያለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። መግለጫው «ከቀኑ 7 ሰዓት» እያለ ፎቶው ላይ ጥላው ሜዳውን አቋርጦ ሲታይ፣ ገበሬ የሆነ አንባቢ ወዲያው ይስቃል።

ሁለተኛው አስተያየት ሰጪ የአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ናቸው። እሳቸው ስለ ውበቱ ምንም አላሉም። ሁለት ፎቶ ብራና መጻሕፍትን ያሳያል፤ አንዱ የዕቃ ቤቱን በር ከነቁልፉ። ከሥራቸው የደብሩ ስም ተጽፏል። «ሌባ መንገድ ጠያቂ እንዳይሆን ነው የጻፋችሁለት?» ብለው ጠየቁ። ነገሩ ከመግለጫው ያለፈ ሆኖ ተገኘ፤ በስልክ የተነሱት ፎቶዎች ውስጥ ቦታው በጂፒኤስ ቁጥር ተቀምጧል፣ ገጹም ሳያጠፋ አሳልፎታል። ቴሌግራም ላይ ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ይህ መረጃ ይጠፋል፣ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል፤ ድረ ገጽ ደግሞ እንደ አሠራሩ ነው። ማረጋገጫው ፎቶውን ከገጹ ላይ አውርዶ ዝርዝሩን ከፍቶ ማየት ነው። መጥፋት ያለበት ቦታው ብቻ ነው። ብዙ ሰው ደንግጦ ሁሉንም ይጠርገዋል፤ ያኔ የፎቶ አንሺው ስምና የባለቤትነት መግለጫውም አብሮ ይሄዳል።

ሦስቱ ፎቶዎች ወረዱ። ሆኖም የበሩ ፎቶ ለሊንኩ መግቢያ ሥዕል ሆኖ ስለነበር፣ ከገጹ ከጠፋ በኋላም ቴሌግራም ቀድሞ ያስቀመጠውን ቅጂ ማሳየቱን ቀጠለ። መግቢያ ሥዕሉ በሌላ ተቀየረ፤ ሊንኩ የሊንክ መግቢያ ሥዕልን ለሚያድሰው የቴሌግራም ቦት፣ ለዌብፔጅቦት፣ ተልኮ ታደሰ፤ ግሩፖቹ ውስጥ የነበሩት አሮጌ መልእክቶችም አንድ በአንድ ጠፉ። ፎቶውን ስልኩ ላይ ያስቀመጠ ሰው ካለ ግን እሱን የሚያወርድ ትእዛዝ የለም። እንዲህ ያለ ፎቶ ከመውጣቱ በፊት ለሚጠብቀው ሰው ማሳየት የግማሽ ቀን መንገድ ቢያስኬድም ርካሽ ነው።

ከዚሁ ጋር የአንድ ቆሎ ተማሪ ጉዳይ ተነሳ። መግለጫው ስሙን፣ ዕድሜውንና የመጣበትን ቀበሌ ይዘረዝራል፤ ልጁ ግን ለቤተሰቡ ሳይናገር ወጥቶ የመጣ ነው። ከቤት ጠፍቶ ለትምህርት መሄድ በአብነት ትምህርት ዘንድ የቆየ ነገር ነው፤ ስለዚህ ፎቶ ሲነሳ «እሺ» ያለ ልጅ ስሙና አገሩ ይውጣ ማለቱ ነው ብሎ መውሰድ አይቻልም። ፈቃዱ ለየብቻ ይጠየቃል፦ ለፊቱ፣ ለስሙ፣ ለአገሩ። ልጅ ሲሆን መምህሩም ይጨመራሉ። ፎቶው ቀረ፤ ስሙና ቀበሌው ወጡ።

ስለ ፎቶ አነሳሱ የተናገረው ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ባለሙያ ብቻ ነው። ፎቶዎቹ በ10 በ15 ሳንቲሜትር ታትመው ወለል ላይ እንዲዘረጉ አደረገ። ስክሪን ላይ አንድ በአንድ ሲያልፉ የማይታይ ድግግሞሽ ወለል ላይ ይጮኻል፦ ከጎን የተነሱ፣ ብርሃን ጺማቸው ላይ ያረፈ አዛውንቶች ብቻ 11 ነበሩ። ሁለቱን አስቀርቶ ሌሎቹን ገለበጣቸው። ልጆቹ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ታይተዋል፤ ፎቶ አንሺው ቆሞ ስላነሳ ነው። ከሁሉ የበለጠው ጥያቄው ግን «ቁራሽ የምትሰጠዋ ሴት የት አለች?» የሚል ነበር። አኩፋዳ ያነገተ ልጅ አለ፣ አኩፋዳውን የምትሞላው የለችም፤ ትምህርት ቤቱን የምታኖረው መንደሯ ከታሪኩ ውጪ ቀርታለች። በፎቶ ቤቱ ማኅደር ውስጥ ተፈልጎ አንድ ተገኘ። በሰከንድ 1/30 ስለተነሳ እጇ ትንሽ ስለደበዘዘ ነበር የተጣለው። ገባ፤ በእኔ ግምት ከስብስቡ ሁሉ የሚሻለውም እሱ ነው። 38 የነበረው ወደ 24 ወረደ።

የታረመው ገጽ ግሩፕ አልተላከም። ለጥቂት ሰዎች በየግል ተላከ፤ ከሊንኩ ጋር ሦስት ጥያቄ ሄደ፦ የትኛው ፎቶ ላይ ቆሙ? የቱ ቢወጣ አይጎድልም? የትኛው መግለጫ አልገባዎትም? ሁለተኛው ጥያቄ ሰውን ከይሉኝታ ያወጣዋል፤ መንቀፍ ሳይሆን መምረጥ ስለሚሆንለት። በአካል ለተገኙት ደግሞ ስልኩ ተሰጥቶ ዝም ተባለ። ሠሪው «እዚህ ጋ ንካው» ብሎ ጣልቃ ከገባ ሙከራው ተበላሸ። ዝም ሲባል የታየው፣ መግለጫዎቹን ማንም አለማንበቡ ነው፤ የመዳፊት ቀስት ፎቶው ላይ ሲያርፍ እንዲወጡ ተደርገው ነበር፣ ስልክ ደግሞ ቀስት የለውም። ከፎቶው ሥር ቋሚ ሆነው ተቀመጡ። የፊደሉ መጠን ከ13 ወደ 18 ፒክስል ከፍ አለ፤ የግዕዝ ፊደል ዝርዝሩ ብዙ ነውና ለላቲን የሚበቃው መጠን አይበቃውም። የመስመር ርቀቱም ወደ ፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ ሰፋ።

የቀረው የፍለጋው ሳጥን ነው። «ፀናፅል» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አላገኘም፤ መግለጫው «ጸናጽል» ይላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለፍለጋ ብቻ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ ማድረግ ይበቃል፤ የሚታየው ጽሑፍ ግን እንዳለ ይቆያል። የኔታ «ሠ»ውን በ«ሰ» ቢያገኙት እንደገና ይጠሩናል ብለው፣ ይህን ጥንቃቄ መጀመሪያ ያሰቡት ገጹን የሠራችው ልጅና አርታዒው ናቸው።