ፎቶው ተላከ

ዛሬ ለአንድ የአማተር ሥነ ፈለክ መጽሔት ፎቶና አጭር ጽሑፍ ላክኩ። ፎቶው ከጣና ዳር ወደ ሰሜን የተነሣ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ የሰሜን ኮከብም ከአድማስ በላይ የሚታየው በዚያው ልክ ነው። አውሮፓ ያለ ሰው አንጋጦ የሚያየውን እኛ ሐይቁ ላይ ዝቅ ብሎ እናገኘዋለን። በግንቦት ምሽት ወደ ደቡብ ዞር ካላችሁ ደግሞ የደቡብ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብ አለላችሁ። ጽሑፌም ስለዚሁ ነው።

አድካሚው ቅጹ ነው። ሌንሱ፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት መጠን)፣ ካሜራው ስንት ሰከንድ ክፍት እንደቆየ፣ ሁሉንም ይጠይቃሉ። ሰዓቱን ደግሞ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር፣ ማለትም በግሪንዊች ሰዓት! የኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት እዚያ 18:00 ነው። ቴሌግራም ያሳነሰው ፎቶም አይሆንም፤ ዋናው ፋይል ነው የሚፈለገው። እሱ እየተጫነ መብራት ጠፋ (ሌላ መቼ ሊጠፋ ኖሯል?)። በስልክ ዳታ ጨረስኩት።

ካወጡልኝ ማኪያቶ በኔ ነው።