በከብት አዳቃዮች ናይትሮጅን ክሪስታል ማቀዝቀዝ

ክሪስታል ሲባል አሞሌ ጨው ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ እሱን ለጊዜው እርሱት። የፕሮቲን ክሪስታል ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። በመርፌ ጫፍ ሲነኩት ይፈረካከሳል፤ አየር ላይ ከቆየ ይደርቃል። የፕሮቲኑን ቅርጽ ለማወቅ በኤክስሬይ ሲታይ ደግሞ ጨረሩ ቶሎ እንዳያበላሸው ወደ 100 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 173 ዲግሪ ገደማ፣ መቀዝቀዝ አለበት። ጣጣው እዚህ ጋ ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሠራ አለቀለት።

እኔ የተለማመድኩት ደብረ ብርሃን ላይ፣ በላይሶዛይም ነው። የእንቁላል ነጭ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ርካሽ ነው፤ በጨውና ፒኤች (የአሲድነት መጠን) 4.5 አካባቢ በሆነ አሲቴት ውስጥ ብዙ ሳያስጠብቅ ያድጋል። ከተማዋ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳር ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ላይሶዛይም ሲሞቅ የበለጠ ስለሚሟሟ፣ ሌሊት ያደገው ቀን ላይ ጠርዙ ይበላል። ክሪስታሉ የሚያድግበትን ሳህን ወፍራም የፎም ሳጥን ውስጥ ከትቼ ከመስኮት አራቅሁት። በቃ፣ ተረጋጋ።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ያገኘሁት ከከብት አዳቃዮች ነው። የኮርማ አባለዘር የሚያቆዩት በሱ ነው፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። ባለሙያው ዕቃዬን አየት አድርጎ «እህቴ፣ ላሟ የታለች?» አለኝ። ነገሩን ካስረዳሁት በኋላ ክዳኑን አጥብቄ እንዳልዘጋ አስጠነቀቀኝ። እውነቱን ነው። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ 700 እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ የታፈነ ዕቃ ይፈነዳል፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥም ኦክስጅኑን ያሳጣል። መስኮት ከፍታችሁ ብርዱን ቻሉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ክሪስታሉን ከመንካቴ በፊት ፈሳሹን ብቻ ሞከርኩ። ትንሽ የናይለን ቀለበት ክሪስታሉ ባደገበት ፈሳሽ ነክሬ ናይትሮጅን ውስጥ ጣልኩት። ወተት መስሎ ነጣ፤ በረዶ ነው ማለት ነው። ውሃው በረዶ እንዳይሠራ የሚከላከል ግሊሰሮል የሚባል ወፍራም ፈሳሽ እየጨመርኩ ደገምኩት። 25 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ጠብታው እንደ መስታወት ጠራ። ለዚህ ኤክስሬይ አያስፈልግም፤ ዓይንና ማይክሮስኮፕ ይበቃል። አንድም ክሪስታል አይባክንም። ግሊሰሮሉ ግን ጨውንና በፈሩን (ፒኤቹን የሚያረጋጋውን አሲቴት) ማቅጠን የለበትም። የሚተካው ውሃውን ብቻ ነው፤ አለበለዚያ ክሪስታሉ መሟሟት ይጀምራል።

ከዚያ ክሪስታሉን በአንድ ጊዜ 25 በመቶ ውስጥ አለመክተት ነው። ከከተቱት በማይክሮስኮፕ ሥር ጉዱ ይታያል፦ መጀመሪያ አንድ ቀጭን መስመር ከጥግ ይነሳል፣ ከዚያ መሃሉን ሰንጥቆ ይሻገራል። ግሊሰሮሉን በ5፣ በ10፣ በ15 እያልኩ ሳሳድግ የክሪስታሉ ጠርዝ ስል እንደሆነ ቆየ። ቀለበቱ ከክሪስታሉ ብዙም ባይበልጥ ጥሩ ነው። ትርፍ ፈሳሽ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ በረዶ ይጋብዛል። በበጋ ደረቅ አየር ደግሞ ቀለበት ላይ ያለ ጠብታ ወዲያው መትነን ይጀምራል፤ ቆም ብሎ ማሰብ የለም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ከናይትሮጅኑ በላይ ያለውን ቀዝቃዛ ጋዝ ነው። ዕቃው ጎደሎ ከሆነ ክሪስታሉ ፈሳሹ ጋ ሳይደርስ በዚያ ጋዝ ውስጥ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል። ቀስ ማለት ደግሞ በረዶ ነው። ስለዚህ ዕቃውን እስከ አፉ ሞልቼ፣ እጄን ሳላወላውል ቀጥ አድርጌ እነክራለሁ።

ኤክስሬዩ እዚህ የለም። ውጭ ያለ ወዳጄ በዚሁ አሠራር ያቀዘቀዘውን ክሪስታል ምስል ላከልኝ። መጀመሪያ ያየሁት 3.9፣ 3.67 እና 3.44 አንግስትሮም (የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ) ላይ ነው፤ በረዶ ካለ በኤክስሬይ ምስሉ ላይ ክብ መስመር፣ የበረዶ ቀለበት የሚሉት፣ የሚወጣው እዚያ ነው። ንጹሕ ነበር። ግሊሰሮል ለማይስማማቸው ክሪስታሎች ኤቲሊን ግላይኮል አለ፣ ወፍራም ዘይትም አለ። በዘይቱ ክሪስታሉን እየጎተቱ በዙሪያው ያለውን ውሃ ገፎ ማስወጣት ነው፤ እሱ ላይ ገና እጄ አልተፍታታም።