ከሸዋ ሮቢት የመጣው ጆተኒ

ጆተኒውን ያየሁት ሸዋ ሮቢት፣ ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ ነው። ማሽላ የሞላ ጆንያ ተደርድሮበታል። የሄድኩት ለለቅሶ ነበር። ሰው ለቅሶ ሄዶ ጆተኒ ገዝቶ ይመለሳል? እኔ ተመለስኩ። ባለቤቱ 14 ሺህ ብር ብሎ ጀመረ፣ በ11 ሺህ ተስማማን። «ወንድሜ፣ ቀለም ብቻ ነው የሚፈልገው» አለኝ። አመንኩት።

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ላይ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ደጃፉ በተማሪ ይሞላል። ኮፒ የሚያስደርገው ጥቂት ነው፣ ሌላው ቆሞ ያወራል። ጆተኒ ባቆምላቸውስ ብዬ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ከእንጨት ሥራ ጋር ያለኝ ትውውቅ ግን ሚስማር መምታት ብቻ ነው፣ ለዚያውም ከሁለቱ አንዱ ጣቴ ላይ ያርፋል።

በአይሱዙ ጭነን በደብረ ሲና ሽቅብ ወጣን፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደብረ ብርሃን ገባን። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። የኛ ከተማ 2,800 ያልፋል። ያን ቀን ይህ ልዩነት የታየኝ ጃኬት ስደርብ ብቻ ነው።

አንድ ሳምንት ሙሉ ቀለም ቀባሁ። 22ቱንም ሰዎች አንድ በአንድ። አንዱን ወገን ጊዮርጊስ፣ ሌላውን ቡና አደረግኩት። ካልሲ ሳይቀር ሣልኩላቸው። ስምንቱን ብረቶች ደግሞ ግራሶ በግራሶ አደረግኳቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብረቱ እንደ ቅቤ ይሄድ ነበር። ከዚያ የመንገዱ አቧራ ግራሶው ላይ ተለጠፈና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱንም ቀዳዳውንም ይፍቅ ጀመር። ኳሱም መሐል ላይ ሲያስቀምጡት ማንም ሳይነካው ወደ አንድ ጥግ ይንከባለላል። ልጆቹ ወዲያው ነቁበት። በዚያ በኩል ያለ ቡድን ተሸንፎ አያውቅም።

ሐምሌ ሲገባ ጉድ ፈላ። የሜዳው ጣውላ መሐሉ ላይ አበጠ። አምስቱ አማካዮች እግራቸው መሬት እየፋቀ መዞር አቃታቸው። ያኔ ነው የሰፈሩን አናጢ የጠራሁት። ጋሼ ዝቅ ብለው ከሥር አዩት፣ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «አንተ ልጅ፣ ቆላ የደረቀ እንጨት ደጋ አምጥተህ ዝናብ ላይ አቆምከው። ምን ይሁንልህ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ወደ ቁመቱ ብዙም አይረዝም፣ ወደ ጎኑ ግን ይሰፋል። የኔ ሜዳ ጠርዙ ከሳጥኑ ጋር ተጣብቆ የተመታ ስለነበር የሚሰፋበት ቦታ አጣ። ስለዚህ ወደ ላይ ተነሣ።

ሁሉንም ፈታነው። ሰዎቹን ብረቱ ላይ የሚይዙት ቀጫጭን ማሰሪያ ብረቶች (ኮፒሊያዎች) ዝገው ስለነበር ሦስቱን በመዶሻና በስድብ ነው ያወጣናቸው። አሮጌው ጣውላ ወጥቶ በምትኩ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ገባ። የኮምፔንሳቶ ንብርብሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተሻግረው ስለሚጣበቁ እንደ ጣውላ አይሰፋም፣ አይጣመምም። ቢሆንም ጋሼ ዙሪያውን 3 ሚሊ ክፍተት አስተዉኝ። ከሥሩ ሁለት ሞራሌ ደገፍን። ቫርኒሹን ላዩን ብቻ ልቀባ ስል እጄን ያዙኝ። ውሃ የሚጠጣው የማይታየው ሆዱና ጠርዙ ነው አሉ።

ቫርኒሹ እስኪደርቅ ስለ ጨዋታው አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1923 አንድ እንግሊዛዊ የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ ስፔናዊው አሌሃንድሮ ፊኒስቴሬ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ቆስሎ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ኳስ መጫወት ያልቻሉ የተጎዱ ሕፃናትን አይቶ እንዳሰበው ይተረካል። እሱም ራሱ አልገጣጠመውም፣ አናጢ ነው የሠራለት። እኔ አናጢ ለመጥራት ሁለት ወር ፈጀብኝ።

የጆተኒው እግሮች ሥር በያጅ ዳዶ (ብሎን የሚጠመዘዝበት ብረት) በየደልን፣ ብሎን ከታች አስገባን። አሁን ብሎኑን በማዞር ብቻ አንዱን ጥግ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ውሃ ልክ በቁመት፣ በወርድ፣ ከጥግ እስከ ጥግም አስቀምጬ አያለሁ። ደጃፉ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ ይዛባል።

ብረቱ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በልተው ሞላላ ሆነው ነበር። ከፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ቆርጠን አስገባንባቸው። ሰዎቹ ግድግዳውን እንዳይመቱ ከብስክሌት ከመነዳሪ ቀለበት ቆረጥኩ። አንድ ቀለበት ይበጠሳል፣ ሦስት ተደራርቦ ነው የሚችለው። ግራሶውን በላምባ አጥቤ ጣልኩት። አሁን በየቅዳሜው ብረቱን በጨርቅ እወለውልና ጥቂት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አስነካዋለሁ። ጠዋት ውርጭ ሲጥል ብረቱ ላብ ስለሚያወጣ፣ ሳይወለውሉ ዘይት መጨመር ዝገቱን መሸፈን ነው።

ማሻሻያ የምለው ከዚህ በኋላ የመጣውን ነው። ቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ የኤልኢዲ አምፖል፣ ለነጥብ መቁጠሪያ ሽቦ ላይ የተሰኩ የመጋረጃ ቀለበቶች። ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ጎል በገባ ቁጥር የሚሰማው ኳኳታ ራሳቸውን እንዳመማቸው ነገሩኝ። ጎሉን ከውስጥ በብርድ ልብስ ቁራጭ ለበጥኩት። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ አይጠፋም።

የቀለሙን ሳይጨምር ጥገናው 8,600 ብር በላ። ቀለሙ ግማሹ በመዶሻው ረግፏል፣ የቡና ሁለት ተከላካዮች ፊት የላቸውም። እስካሁን ያልተቻለኝ የጊዮርጊስ በረኛ ነው፣ በተጠመዘዘ ቁጥር ሲጥ ይላል። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩት። ባለፈው ሳምንት አራተኛውን ልሞክር ካቻቢቴ ይዤ ስወጣ ልጆቹ ከለከሉኝ። «ጋሼ ተወው፣ በድምፁ ነው ሲንቀሳቀስ የምናውቀው።»