የማጻ ፍርፍር ጣጣ

በአይሁድ ፋሲካ ሰሞን በእኛ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚበላው የማጻ፣ ማለትም ሳይቦካ የሚጋገረው የፋሲካ ደረቅ ቂጣ፣ ፍርፍር ነው። ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፤ ለበዓሉ ተብሎ ለብቻው ተለቅሞ የተፈጨው በርበሬ ይገባበታል፤ ትንሽ ውሃ ጠብ ይደረግና ሲንተከተክ የተሰባበረው ማጻ ይጨመርበታል። እዚህ እስራኤል የተወለዱት ልጆቼ የፋብሪካውን ማጻ ወደው የሚበሉት በዚህ መልኩ ብቻ ነው። ደረቁን ስትሰጧቸው ካርቶን አኝኩ የተባሉ ያህል ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

ጣጣው የመጣው ታላቁ ልጄ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ ነው። ሳህኑ ቀርቦለት እጁን አይሰድም። «እማዬ፣ ሀሞጺ ነው ወይስ መዞኖት?» ይላል። ለማያውቅ አንባቢ ለመንገር ያህል፣ ሀሞጺ «ኅብስትን ከምድር የምታወጣ» የሚለው የዳቦ ቡራኬ ነው፤ መዞኖት ደግሞ ከስንዴና ከገብስ፣ ከመሰሎቻቸውም ለተሠሩ ሌሎች ምግቦች፣ ለኬክም ለፓስታም የሚባለው ነው። ሀሞጺ ከሆነ አስቀድሞ በሥርዓቱ እጅ መታጠብ፣ ከተበላ በኋላም ብርካት ሐማዞን የሚባለውን ረጅሙን ምስጋና ማድረስ ግድ ይላል። መዞኖት ከሆነ አጭሯ ምስጋና ትበቃለች። እንግዲህ ቤተሰቡ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ ቧንቧ ይሂድ አይሂድ የሚወሰነው ድስቱ ውስጥ ባለው ነገር ነው።

እናቴ ያደገችው ጎንደር፣ አምቦበር አካባቢ፣ ከቤተ እስራኤል (ከኢትዮጵያ አይሁድ) መካከል ነው። እዚያ ኦሪትና ቄሶች እንጂ ታልሙድ የሚባለው የረቢዎች የሕግ ክርክር መጽሐፍ አልነበረም። ለፋሲካ አሮጌው የሸክላ ዕቃ ተሰብሮ በአዲስ ይተካል፤ ቂጣው ሊጡ ሳይውል ሳያድር ትኩስ ትኩሱን ይጋገራል፤ የረጋ ወተት እንኳ ኮምጥጧል ተብሎ አይቀመስም። ቄሱ በግዕዝ ይባርካሉ፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፣ አበቃ። «ቂጣ ቂጣ ነው፤ ስለተፈረፈረ ቂጣነቱ የት ይሄዳል?» ትለዋለች ልጄን። እሱም ቀበል አድርጎ «እማማ፣ እርስዎ የጠየቁትን እኮ ነው ረቢዎቹም የጠየቁት!» ይላታል።

እውነቱን ነው። በታልሙድ በራኾት በተባለው ክፍል 37ኛው ቅጠል ላይ፣ ራብ ዮሴፍና ራብ ሼሼት ድስት ውስጥ ስለገባ የዳቦ ፍርፋሪ ተከራክረዋል። አንዱ ቁራጩ ከዛይት፣ ማለትም የወይራ ፍሬ ያህል ከሆነ ብቻ ሀሞጺ ይባልበት አለ፤ ሌላው ቢያንስም ይባልበት አለ፤ ራባ ደግሞ የዳቦ መልኩን ካልለቀቀ ነው ሲል ገደብ አበጀለት። ዮሴፍ ካሮ ጽፋት ከተማ ተቀምጦ ባዘጋጀውና በ1565 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ በታተመው ሹልሓን ዐሩኽ በተባለው የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ ነገሩ መልክ ያዘ። ቁራጩ ከዛይት ከሞላ ቢቀቀልም፣ መልኩ ቢጠፋም ዳቦ ነው፤ ሀሞጺ። ከዚያ አንሶ ከተቀቀለ መልኩ ቢኖርም መዞኖት። አንሶ ያልተቀቀለ፣ የተነከረ ወይም በማር የተጣበቀ ብቻ ከሆነ ግን መልኩ ይታያል፦ ዳቦ ከመሰለ ሀሞጺ፣ ካልመሰለ መዞኖት። የነከሩበት ውሃ ነጣ ካለ ዳቦው መልኩን ለቋል ማለት ነው። የከዛይት ልክ ራሱ ሌላ ሙግት አለው፤ ግማሽ እንቁላል ያህል ነው የሚሉ አሉ፣ ከእንቁላል ሲሶ ያንሳል የሚሉም አሉ።

በዚህ መለኪያ የአሽከናዚዋ (ዘሯ ከአውሮፓ አይሁድ የሆነ) ጎረቤታችን የማጻ ዱቄት ድቡልቡል፣ በዶሮ ሾርባ የሚቀቀለው፣ ያለ ብዙ ክርክር መዞኖት ነው። (ሐሲዶች ከሚባሉት አጥባቂ አይሁድ ብዙዎቹ ግን በውስጡ የቀረ ጥሬ ዱቄት ሲርስ እንዳይቦካ ብለው በፋሲካ ማጻን ጭራሽ አያርሱም፤ ለእነሱ የእኔ ድስት ገና ከበሩ ነው የሚመለሰው።) አስቸጋሪው ማጻ ብራይ የሚሉት፣ በሙቅ ውሃ ረስርሶ በእንቁላል የሚጠበሰው ነው። በብዙ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ እንደ ተቀቀለ ይታያል፤ መጥበሻው እንዳይዝ ብቻ ጠብ በተደረገ ዘይት የተጠበሰው ግን ረቢዎችን ያለያያል። ጥንቁቁ ሰው አስቀድሞ እጁን ታጥቦ በደረቅ ማጻ ላይ ሀሞጺ ይልና እንቁላሉን በዚያው ማዕድ ውስጥ ይበላዋል።

የእኛው ፍርፍር በሚፈላ ቁሌት ውስጥ ስለሚገባ ተቀቅሏል፤ ቁራጩ የአውራ ጣት ጥፍር ካከለ መዞኖት ነው ብሎ ልጄ ፈርዶ ነበር። ይህ እኔ ስሠራ ነው። እናቴ ስትሠራ ማጻውን ሰፋ ሰፋ አድርጋ ነው የምትሰብረው፤ ካደቀቀችው ገንፎ እንደሚሆን ታውቃለች። ስለዚህ ልጄ ምድጃው አጠገብ ቆሞ እጇን ይከታተላል፤ ከዛይት ያህላል ያለውን ቁራጭ በጭልፋ አውጥቶ ሳህኑ ዳር ያስቀምጥና «በሉ ታጠቡ!» ብሎ ያውጃል። በትልቁ ላይ የተባለው ሀሞጺ ለትንንሾቹም ይበቃል።

እኔ በዚህ ሙግት ከልጄ ጎን ነኝ። ድስት ከፍቶ በዓይን የሚፈርድ ሕግ ለምታበስል ሴት ይመቻታል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን፣ በአንድ ቀን ተኩል ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው ሲጓጓዝ መጣን። በቀጣዩ ፋሲካ፣ ባረፍንበት ማዕከል አንዲት አስተማሪ እናቴን አስቀምጣ ሊጥ እንዳይቦካ ሳይነካ 18 ደቂቃ ማለፍ እንደሌለበት በእጇ ምልክት እየሰጠች አስረዳቻት፤ ማጻን ገና እስራኤል ስንገባ ሎድ አውሮፕላን ማረፊያ ያየናት ይመስል። እናቴ አንገቷን ነቅንቃ ሰማቻት። ቤት ስንገባ «18 ደቂቃ ሙሉ ምን ይሠራሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

በዓሉ ካለፈ በኋላም ነገሩ አያልቅም። የተረፈ ማጻ ይኖራል። የስፋርዲ (ከስፔን የወጡት አይሁድ) ልማድ የያዙት ከፋሲካ ውጭ ደረቁን ማጻ እንደ ብስኩት ቆጥረው መዞኖት ይሉበታል፤ አሽከናዚዎች ዓመቱን ሙሉ ሀሞጺ ነው ይላሉ። ልጄ የስፋርዲዎቹን ይዟል፤ ከአሽከናዚዎች ምኵራብ የሚጸልየው ባለቤቴ ደግሞ አልለቅም ብሏል። አሁን ሁለቱም በዳቦ ላይ ሀሞጺ ካሉ በኋላ ማጻውን በሹሮ ያጣቅሱታል።